አቧራ የጠበቁ እንግዶች

በዚህ በእኛ ዘመን ከተነሡት የንግድ ዓይነቶች ሁሉ፣ የሰውን ዓይን ከነመነጽሩ በአውሮፕላን ጭኖ ከበዓል ወደ በዓል እንደሚያጓጉዘው ንግድ የሚያስደንቀኝ የለም። ነጋድያኑ ቡና ወይም ቆዳ ወይም ዕጣን አይጭኑም፤ የሚሸጡት ቀለም ነው። ደንበኞቻቸውም በአብዛኛው በጡረታ የተሰናበቱ፣ ጉልበታቸውን ጥቂት የሚያማቸው፣ ጠባያቸው የታረመ፣ የካሜራቸው ሌንስ ግን ከክንዳቸው የሚረዝም የተከበሩ አዛውንት ናቸው። እነዚህ ሰዎች በጥቅምትና በኅዳር መካከል ጨረቃ ስትሞላ በሕንድ አገር በራጃስታን በረሓ ፑሽካር በምትባለው ከተማ የግመል ገበያውና የሂንዱዎች በዓል ሲገጣጠሙ በአሸዋው ላይ ተንበርክከው ይገኛሉ፤ ጥር 11 ቀን ደግሞ ጎንደር ከፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቆመው ውኃው ሲባረክ ይጠብቃሉ፤ ክረምቱ ሲያበቃም የወዳቤ ጎልማሶች ተኳኩለውና ጥርሳቸውን አሳይተው በውበት ወደሚወዳደሩበት ወደ ኒጀርና ወደ ቻድ ይሻገራሉ። ከእነዚህ በዓላት አንዳንዱ በፀሐይ፣ አንዳንዱ በጨረቃ፣ አንዳንዱም በዝናም መምጣትና መቅረት የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ የጉዞው አዘጋጆች አበቅቴና መጥቅዕ እንደሚያወጣ የባሕረ ሐሳብ መምህር ዓመቱን ቀድመው ሲያሰሉ ይከርማሉ። ልዩነቱ መምህሩ የጾሙንም መግቢያ የሚነግረን ሲሆን፣ እነርሱ ግን የሚያስታውቁት የፋሲካውን ብቻ መሆኑ ነው።

ወደ አገራችንም ወደ ዳናክል በረሓ የሚወርዱት ጥቂቶች አይደሉም። ከባሕር ወለል በታች ዝቅ ባለው በዳሎል ምድር፣ ቢጫውና አረንጓዴው ብርቱካኑም ከመሬት ውስጥ እየፈላ ሲወጣ የተመለከተ ሰው፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ ገሃነመ እሳትን የሣሉት አበው ሠዓልያን በአንድ መንገድ ወሬው ሳይደርሳቸው እንዳልቀረ ይጠረጥራል። እዚያ የሚሄዱት እንግዶች ግን ከሁሉ አብልጠው የሚሹት አሞሌ የጫነውን የግመል ቅፍለት ነው። ግመሎቹ በፀሐይ ግባት ተሰልፈው ሲያልፉ ካሜራው ሁሉ ይንጫጫል፤ በዚያው መንገድ ያንኑ ጨው ተሸክሞ የሚያልፈው አይሱዙ ግን፣ ሸክሙ የብዙ ግመል ሸክም ሆኖ ሳለ፣ እስኪያልፍ ድረስ በትዕግሥት ይጠበቃል እንጂ ማንም ዓይኑን አይጥልበትም። የአይሱዙው ሾፌርም ይህን ያውቃል፤ አንዳንዴ ሆን ብሎ ቀስ ይላል ይባላል።

እኔ የምቀመጠው በሀርጌሳ ከተማ፣ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ነው፤ የአንድ የከብት ነጋዴ ሒሳብ እይዛለሁ። ይህች ከተማ ክፍሎቿን በቀን መጥራት ትወዳለች፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1960 አገሩን ለቅቆ የወጣበትን ቀን የተሸከመ 26 ጁን የሚባል ሰፈርም አላት። አድራሻዬን ለአዲስ አበባ ዘመዶቼ ስነግራቸው ቀጠሮ የሰጠኋቸው ስለሚመስላቸው፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ደውለው የት እንደ ቀረሁ የሚጠይቁኝ አሉ። ቀኑ ግን የጨዋታ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 23 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ታጋዮች ወደ ሀርጌሳ የገቡበት ዕለት ነው፤ ከዚያም በኋላ የሶማሊያ መንግሥት አውሮፕላኖች ከከተማይቱ ከራሷ አየር ማረፊያ እየተነሡ ከተማይቱን ደብድበዋታል፤ ሕዝቧም በእግሩ ድንበር ተሻግሮ በእኛ አገር በሐርትሼክ ሜዳ ላይ ተጠልሏል። ዛሬ በመካከል ከተማ በመታሰቢያ ሐውልት ላይ የተሰቀለው ሚግ የዚያ ጊዜ ምስክር ነው። እንግዶች ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሡት እርሱን ሲሆን፣ እዚያ ላይ ማንም አይቀልድም፤ እኔም አልቀልድም።

የፎቶግራፍ ተጓዦቹ ወደዚህ የሚመጡት በተለይ ለ18 ሜይ ነው። ይህ ቀን እ.ኤ.አ. በ1991 ቡርኦ ላይ የሶማሌላንድ መገንጠል የታወጀበት፣ የዓለም መንግሥታት እስከ ብዙ ዘመን ዓይናቸውን ከድነው ያለፉት፣ የአገሩ ሰው ግን በየዓመቱ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ለብሶ አደባባይ በመውጣት የሚያከብረው በዓል ነው። ጎረቤቴ የሆነው ወጣት አስጎብኚ፣ በዕድሜዬ ምክንያት «አዴር» ብሎ ማለትም አጎቴ ብሎ የሚጠራኝ፣ እንግዶቹን ሲመራ ወሬ አጫውታቸው ዘንድ አስከትሎኝ ነበርና ያየሁትን እጽፋለሁ።

እንግዶቹ በልባቸው ይዘውት የመጡት ሥዕል፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ በትር የያዘ፣ ፊቱ እንደ ደረቀ ወንዝ የተሰነጣጠቀ ሽማግሌ ነበር። በአደባባዩ ግን ያገኙት ሰልፍ ነው፤ ቦት ጫማቸውን አስተካክለው የሚረግጡ ወታደሮች፣ ነጭ ጓንት ያደረጉ ፖሊሶች፣ ዩኒፎርም ለብሰው የሚዘምሩ ተማሪዎች፣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ያጠለቁ የትራፊክ አስከባሪዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቻይና የመጣ ፊኛ። አገሩ ከሠላሳ ዓመት የሚበልጥ ዘመን ሙሉ «እኔ መንግሥት ነኝ፤ ገንዘብ አለኝ፤ ፖሊስ አለኝ፤ ሰልፍ አለኝ» እያለ ለዓለም ሲያመለክት፣ እነዚህ ከዓለም ሁሉ ተመርጠው የመጡ ምስክሮች ደግሞ በወታደሩና በፊኛው መካከል ባለችው ክፍተት አሾልከው አንድ ሽማግሌ ይፈልጋሉ። በመጨረሻ አገኙት። ጢሙ ቀይ ነው፤ በትርም ይዟል። እነርሱ ሲያነሡት ግን እርሱ ስልኩን አውጥቶ እነርሱን እያነሣ ስለ ነበር፣ በሁሉም ሥዕል ላይ ሽማግሌው ፊቱ በሳምሰንግ ተሸፍኖ ነው የወጣው። ሴቶቹ፣ በባንዲራው ቀለም የተሠራ ዲራዕ የሚባል ቀሚስ ለብሰው የወጡት፣ በደስታ ቆሙላቸው፤ ነገር ግን ተሰብስበው፣ ተስተካክለው፣ ሻሻቸውን አቃንተው፣ ሌንሱን ትክ ብለው እያዩ። የጉዞው መሪ «እንዳላያችሁኝ ሁኑ» ሲል፣ አንዲቱ ለአስጎብኚው በሶማሊኛ «ካላየሁት ለማን ነው የለበስኩት?» አለችው። መልስ አልነበረውም።

ሁለተኛው ኀዘን የመጣው ከሰማይ ነው። ጉዞው የተሸጠላቸው «በረሓ» ተብሎ ሲሆን፣ ግንቦት በዚህ አገር ጉ የሚባለው የዝናም ወራት ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር ዓመቱን በጉ፣ በሐጋ፣ በዴይርና በጂላል ከፍሎ ሲቈጥር፣ ጉ ሲገባ ግመሊት ታልባለች፣ ሙሽራ ይዳራል፣ ለግጦሽ የተጣሉ ሰዎች ይታረቃሉ። በዚያ ዓመት ጸሎት ተሰምቶ ኮረብታው ሁሉ ሐመልማል ለብሶ ነበር። መሪው ግን ከመኪናው ወርዶ አረንጓዴውን ሣር በእግሩ እየነካ በብርቱ አዘነ፤ የሚፈልገው መንጋው ሲነዳ ከሰኰናው ሥር ተነሥቶ የማታዋን ፀሐይ ወደ ወርቅ የሚለውጠውን አቧራ ነበርና። እረኛው፣ የእንግዳው ፊት መጥቈሩን አይቶ፣ ሰው የሞተበት መስሎት አጽናናው፤ ወተትም ሐን በሚባለው ዕቃ ቀድቶ ሰጠው። አስጎብኚው ነገሩን ቢያስረዳው ግን «አቧራ?» አለና ጥቂት አስቦ፣ እንግዶቹ በጂላል ቢመለሱ የፈለጉትን ያህል እንደሚያገኙ፣ ያን ጊዜ ግን ፍየሎቹን በሕይወት ለማግኘታቸው ዋስ እንደማይሆን በቅንነት መለሰ። እኔ በዚህ አገር የድርቁን ዘመን ያየሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ አቧራ ናፋቂውን ሰውዬ ልቈጣው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ወተቱን በሁለት እጁ ይዞ ጭልጥ አድርጎ ሲጠጣ ሳየው ተውሁት።

በማግሥቱ ወደ ላስ ጌል ሄድን። ከሀርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወደ ጎን ሲታጠፉ የሚገኝ የድንጋይ ጥላ ነው። የውጭ አገር ሰው ከከተማ ሲወጣ የታጠቀ ፖሊስ ይከተለው ዘንድ ሥርዓት ስለ ነበር፣ ከፊት ወንበር ክላሽንኮቭ በጭኑ መካከል ያቆመ ባለ ግርማ ሰው ተቀምጦ ነበር። በዓለቱ ላይ የተሣሉት ላሞች፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ዣቪዬ ጉቴር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ለዓለም እስካስታወቃቸው ድረስ፣ የአካባቢው እረኞች ብቻ የሚያውቋቸው ነበሩ፤ ሊቃውንቱ 5,000 ዓመትና ከዚያም በላይ ይገምቱላቸዋል። ቀይና ነጭ ቀለማቸው ትናንት የተቀባ ይመስላል። ሻኛ የላቸውም፤ አንገታቸው በኅብር ተሸልሟል፤ ጡታቸው ሞልቷል፤ ሁሉም ጎናቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ ከሥራቸውም እጆቹን ወደ ላይ የዘረጋ ትንሽ ሰው አለ። እንግዶቹ እዚህ ረክተው እያደነቁ ሲያነሡ፣ እኔ በበኩሌ የማስበው የላሞቹን ባለቤት ነበር። ያ ሰው ሠዓሊውን ሲያዝዝ «ላሜ ሣር ስትግጥ፣ ሳታውቅህ፣ በአቧራ ውስጥ አድርገህ ሣልልኝ» እንዳላለ ግልጥ ነው፤ «ጌጧ ይታይ፤ ጡቷ ይታይ፤ እኔም ከሥር ልታይ» ነው ያለው። በ18 ሜይ አደባባይ ላይ ሻሻቸውን ያቃኑት ሴቶች ከዚህ ሰው ወገን ናቸው።

ከእኔ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት ባልቴትም ከዚያው ወገን ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ኤዶ» ማለትም አክስቴ እያለ የሚጠራቸው፣ በሐርትሼክ ስደት ላይ ሳሉ አማርኛ የለመዱ፣ እኔን ባዩኝ ቁጥር «እንደምን አደርክ፣ ጤፍ ስንት ገባ?» የሚሉኝ ሴት ናቸው። መሪው ፊታቸውን አይቶ በጣም ወደደው፤ ከማድቤታቸው ጭስ መካከል፣ ከመስኮቱ በሚገባ ጮራ ሊያነሣቸው ለመነ። ኤዶ ፈቀዱ። ነገር ግን «ቆይ» ብለው ገብተው ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲወጡ፣ አዲስ ዲራዕ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ መቍጠሪያቸውን ይዘው፣ የፕላስቲክ አበባ ካለበት ከፍሪጁ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀመጡና መተንፈስ አቆሙ። ሰውዬው ጥቂት ፈገግ እንዲሉ ቢጠይቃቸው፣ ስለ ጥርሳቸው ጤንነት መጠራጠሩ መስሏቸው ተቀየሙ።

ይህ አቀማመጥ ለእኔ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ከንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፣ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው ሲያገለግሉ፣ ከፊታቸው የቆመው መኳንንት ሁሉ ካባውን ደርቦ፣ ጎራዴውን ታጥቆ፣ ሊፎክር እንደ ተነሣ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው የተነሣው፤ ተራው ሕዝብም ከዚያ ተምሮ በየፎቶ ቤቱ የተሣለ ፏፏቴ ፊት በሰው ኮት ቆሟል። ፎቶግራፍ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ ከሞትንም በኋላ በግድግዳ ላይ ሆነን የልጅ ልጆቻችንን የምንቆጣው በእርሱ ነውና ማንም በማድቤት ጭስ ተከቦ ለትውልድ መታየት አይሻም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ከአገሩ ካሜራ አስመጥቶ ሐረር ላይ ሥዕል ሲጀምር፣ መጀመሪያ ካነሣቸው አንዱ ራሱ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ። ለእናቱ ሲልክም ምስሉ የነጣው ባጠበበት ውኃ ክፋት መሆኑን ጽፏል። ከእርሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1855፣ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ካሜራ ሳይኖረው ሁሉን እየጻፈና እያየ ሐረር ደርሶ ከተመለሰ በኋላ በርበራ ላይ በሌሊት አደጋ ተጥሎበት፣ ጦር ከአንድ ጉንጩ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ዛሬ በሀርጌሳ ገበያ ሳያስፈቅድ ሌንሱን የሚያዞር መንገደኛ «ዋላል (ወንድሜ)፣ ፈቃድ ጠይቀሃል?» ብቻ ስለሚባል፣ የሥልጣኔን መራመድ የሚጠራጠር ሰው ይህን ይመልከት።

ስለ ገንዘብ ለዋጮቹ ብዙ አልናገርም፤ ከዚህ ያለፈ እንግዳ ሁሉ አንሥቷቸዋል። በመንገድ ዳር የሽልንግ እስር እንደ ሸክላ ጡብ ደርድረው ከኋላው ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። መሪው በሆዱ ተኝቶ ጡቡን ሲያነሣ፣ ለዋጩ ከበላዩ ሆኖ በስልኩ ቁልፍ ይጫን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ዛድ የሚባለው የስልክ ገንዘብ ከገባ በኋላ፣ ሻይ ሻጯም ጫት ሻጯም ለማኙም የሚቀበሉት በእርሱ ነውና፣ እውነተኛው ገንዘብ በዚያች ደቂቃ ከእንግዳው ራስ በላይ በአየር ሲያልፍ ነበር። ሥዕሉ ግን እጅግ ያማረ መሆኑን አይቻለሁ።

የመጨረሻው ቀን ለከብት ገበያው የተጠበቀ ነበር። ሐጅ ሲቃረብ ይህ ገበያ ከማንኛውም በዓል ይበልጣል፤ ራሳቸው ጥቁር ገላቸው ነጭ የሆኑ በጎች፣ ፍየሎችና ግመሎች ከኦጋዴን ሳይቀር እየተነዱ መጥተው በበርበራ ወደብ በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይጫናሉ። ጥንትም እንዲሁ ነበር፤ በርበራ በበጋው ወራት ከሐረርና ከኦጋዴን ቅፍለት ሲወርድላት የብዙ ሺሕ ሰው ከተማ ትሆንና፣ ሙቀቱ ሲመጣ ድንኳኑ ተነቅሎ ባዶዋን ትቀር እንደ ነበር በርተን ጽፎልናል። እንግዶቹ ጎሕ ሳይቀድ ደረሱ፤ ሌሊት ጥቂት አካፍቶ ስለ ነበር አቧራ የለም፤ ነገር ግን ጩኸቱ፣ ትንፋሹ፣ የግመሎቹ አንገት ሁሉ አለና ፊታቸው በራ።

በዚህ ገበያ ግን ዋናው ነገር አይታይም። ሻጭና ገዢ፣ ወይም በመካከላቸው የቆመው ዲላል፣ የእኛው ደላላ ማለት ነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በላዩ ጨርቅ ይጥሉበታል፤ ከጨርቁ ሥር ጣት በመያዝና በመጨበጥ ዋጋ ይጠራል፣ ይቀነሳል፣ ይጨመራል፤ አፋቸው በዚያው ጊዜ ስለ ዝናሙና ስለ ዘመድ ጤና ይጫወታል። ዙሪያውን የከበበው ሰው ሁሉ ፊታቸውን ቢያጠና ምንም አያገኝም። እኔ ለብዙ ጊዜ የዚህን ገበያ ሒሳብ ስጽፍ፣ ዋጋውን የማውቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የጉዞው ተሳታፊዎች ከአንዱ ጨርቅ ወደ ሌላው እየሮጡ ጨርቁን ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከሥርም ጭምር አነሡት፤ አንዱ በዚያ ጠዋት ብቻ ካነሣው ጨርቅ ሱቅ መክፈት ይቻል ነበር።

መሪው በዚህ ሲቸገር ያየ አንድ ሽማግሌ ዲላል፣ ዓይኑ ሳይስቅ፣ እጁን ዘረጋለት። እንግዳው ሰላምታ መስሎት በደስታ ጨበጠ፤ ሽማግሌው ወዲያው ፎጣውን ጣለበት። ከዚያ በኋላ በፎጣው ሥር የሆነውን እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሰውዬው ግን ጣቱ በተያዘ ቁጥር ፈገግ እያለ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ሲሰበሰብ፣ በመጨረሻ ሽማግሌው ፎጣውን አንሥቶ «አላህ ይባርክልህ» ሲል፣ ከኋላ የቆመው ልጅ በአፍንጫዋ ገመድ የተሳበች አንዲት አሮጌ ግመል ለመሪው አስረክቦ እጁን ወደ ካሜራው ዘረጋ። ሳቁ እስከ በጎቹ በረት ተሰማ። አስጎብኚው ውሉን ለማፍረስ ብዙ ደከመ፤ ሽማግሌውም ከብዙ ክርክር በኋላ ግመሏን መልሶ ለመውሰድ እሺ አለ፤ የድለላውን ግን ሥራው ስለ ተሠራ አልተውም አለ። እንግዳው ዛድ ስላልነበረው ፖሊሱ ክላሹን ለእኔ አስይዞ ከስልኩ ከፈለለት።

ነገሩ ካለቀ በኋላ መሪው ላቡን ጠርጎ፣ ይህን የመሰለ ትዕይንት ሳይነሣ መቅረቱ ስላንገበገበው፣ ሽማግሌው ያንኑ አጨባበጥ እንደ ገና እንዲያሳየው፣ በዚህ ጊዜ ግን ጣቶቹ ይታዩ ዘንድ ያለ ፎጣ እንዲሆን በአስጎብኚው አፍ ለመነ። ሽማግሌው ፎጣውን አጥፎ በትከሻው ላይ ጣለና፣ ለዚህ የሚጠይቀውን ዋጋ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮኾ ተናገረ።